ፒ0420 እየጠፋ ይመለሳል፤ ካታሊስቱ ነው ወይስ ሴንሰሩ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ቤንዚን፣ 1.8 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር ነው። 210,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ቼክ ኢንጅን በርቶ ስካነር ሲሰካ ፒ0420 የሚል ኮድ ያወጣል፤ ስለ ካታሊስቱ (ጭስ ማውጫው ላይ ሆኖ የጭሱን መርዝ ስለሚቀንሰው ዕቃ) ነው። ሲጠፋ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይመለሳል። አሁን ሌላ ኮድ የለም፤ ከሦስት ወር በፊት ግን ፒ0302 (የ2ኛው ሲሊንደር ሚስፋየር፣ ማለትም ቤንዚኑን በወጉ አለማቃጠል) ነበረ፣ የ2ኛው ሲሊንደር ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) ሲቀየር ጠፋ። ኮይሉ እስኪቀየር ድረስ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ሁለት ሳምንት ያህል ተነድቷል።

ሌሎች ምልክቶች፦ ዳገት ላይ ጉልበት የለውም፣ ከ3,500 ዙር በላይ ነዳጅ ሲሰጠው ይታፈናል። ጠዋት ሲነሳ ከወለሉ ሥር የሚንኳኳ ነገር ይሰማል። በ2,000 ኪሎ ሜትር ወደ 1 ሊትር ዘይት ይጎድለዋል። ስካነሩ ላይ የፊተኛው (ከካታሊስቱ በፊት ያለው) ኦክስጅን ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ይመላለሳል፣ የኋለኛውም (ከካታሊስቱ በኋላ ያለው) እንደዚያው። ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም (ኮምፒውተሩ ቤንዚኑ ላይ በዘላቂነት የሚያደርገው ማስተካከያ) +4 በመቶ ነው።

አንዱ መካኒክ «የኋላውን ሴንሰር ቀይር» አለኝ፣ ሌላው «ካታሊስቱን ቀይር»፣ ሦስተኛው «ውስጡን አውጥተን እንጣለው»። የቱ ነው ትክክል? በምንስ አረጋግጣለሁ?

መልስ 1

ወንድሜ፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ኮዱ ምን እንደሚል እንይ። ፒ0420 «ካታሊስቱ ሞቷል» አይልም። የባንክ 1 (1ኛው ሲሊንደር ያለበት ጎን) ካታሊስት ብቃት ከተቀመጠለት ወለል በታች ወርዷል ነው የሚለው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚወጣውን ጋዝ አይለካም፤ ፍርዱን የሚሰጠው ሁለቱን ሴንሰሮች አወዳድሮ ነው። ጤነኛ ካታሊስት ሽፋኑ ውስጥ ሴሪየም ኦክሳይድ አለው፤ ኦክስጅን ሲተርፍ ይይዛል፣ ሲጎድል ይለቃል። ስለዚህ ከፊት ድብልቁ ቤንዚን ሲበዛበትና ሲያንሰው ቢዋልልም ከኋላ የሚወጣው የተረጋጋ ነው፣ የኋለኛው ሴንሰርም 0.6 እና 0.8 ቮልት መካከል ቀስ እያለ ይቆያል። የመያዝ አቅሙ ሲያልቅ የኋለኛው ሴንሰር የፊተኛውን መከተል ይጀምራል። ያንተ ንባብ ይህንን ይመስላል።

ግን ንባቡን በምን ሁኔታ ወሰድከው? ካታሊስት ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ በወጉ ሥራ አይጀምርም። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆሞ ከታየ ጤነኛውም ሊያስጠረጥር ይችላል። 15 ደቂቃ ንዳው፣ ከዚያ በ2,500 ዙር ለ2 ደቂቃ ያዘውና የሁለቱን መስመር በግራፍ ተመልከት።

«የኋላውን ሴንሰር ቀይር» የሚለውን ምክር በቀላሉ ማጣራት ይቻላል። ሞተሩ ሞቆ ነዳጁን በድንገት ርገጠው፦ የኋለኛው ሴንሰር ወደ 0.8 ወይም ከዚያ በላይ መውጣት አለበት። በማርሽ እየሄድክ እግርህን ሙሉ በሙሉ አንሳ፦ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ሲቆርጥ ከ0.1 በታች መውረድ አለበት። ሁለቱንም ቶሎ ካደረገ ሴንሰሩ ደህና ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል፦ ያረጀ ሴንሰር ይዘገያል። የዘገየ የኋላ ሴንሰር መስመሩ ለጥ ያለ ስለሚሆን የሞተውን ካታሊስት ደህና ያስመስለዋል እንጂ ደህናውን የሞተ አያስመስልም። ለፒ0420 መጀመሪያ የኋላ ሴንሰር መቀየር ብዙ ጊዜ ብር መጣል የሚሆነው ለዚህ ነው።

በእውነት ሊያሳስት የሚችለው የጭስ ማፈትለክ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በየምቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ሲል በስንጥቅ ወይም በተበላ ጓርኒሲዮን በኩል የውጭ አየር ይሳባል፣ ሴንሰሩም ያንን ኦክስጅን ያነባል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሳና አንድ ሰው የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ይያዘው። አንተ ከማኒፎልዱ (ጭሱ ከሞተሩ ከሚወጣበት ቱቦ) ጀምሮ እስከ ኋለኛው ሴንሰር ድረስ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውኃ እየረጨህ አረፋ ፈልግ። ጥቁር የጥላሸት ጭረት ያለበት ቦታ አለ ማለት እዚያ ያፈተልካል። የተጣጣፊው ቱቦ ሽቦ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ለዓይን አይታይም፣ በእጅህ ሳትነካ በጆሮህ ተከተለው። የአንተ ትሪም +4 ስለሆነ ትልቅ ማፈትለክ አይመስለኝም፤ +10 ቢያልፍ ኖሮ ካታሊስቱን ትቼ አየር የሚያስገባ ቦታ ነበር የምፈልገው።

ለአንባቢ ሁሉ፦ ብዙ አዳዲስ መኪኖች ከፊት የሚጠቀሙት ኤር ፊውል የሚባለውን ሴንሰር ነው። እሱ እንዲህ ከ0.1 እስከ 0.9 አይመላለስም፣ ስለዚህ በዚያ መኪና ላይ የሁለቱን መስመር በቀጥታ ማወዳደር አይሠራም፤ የኋለኛውን መረጋጋት ብቻ ተመልከቱ።

መልስ 2

ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከኮዱ ይልቅ ያስደነገጠኝ «ይታፈናል» እና «ይንኳኳል» ያልከው ነው። ብቃቱ የወረደ ካታሊስት ብቻውን ጉልበት አይቀንስም። ጉልበት የሚቀንሰው ሲዘጋ ነው። የሚንኳኳው ደግሞ ውስጡ ያለው የሴራሚክ ማር እንጀራ ከመያዣው ተላቆ ወይም ተሰብሮ ይሆናል። ሞተሩ ቀዝቅዞ የካታሊስቱን ሆድ በላስቲክ መዶሻ መታ መታ አድርገው፤ ጠጠር ያለበት ቆርቆሮ የሚመስል ድምፅ ከሰጠ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። በቅድሚያ ግን የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮው ብሎኑ ላልቶ አለመሆኑን እይ፣ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው።

መዘጋቱን በቁጥር ለማወቅ የፊተኛውን ኦክስጅን ሴንሰር ፈትተህ በቀዳዳው የግፊት መለኪያ እሰር። በሚኒሞ ከ1.25 ፒኤስአይ በታች፣ በ2,500 ዙር ከ3 ፒኤስአይ በታች መሆን አለበት። ሴንሰሩ ሲፈታ ኮምፒውተሩ ሌላ ኮድ ይይዛል፣ አይግረምህ፤ በኋላ አጥፋው።

መለኪያው ከሌለህ በቫኪዩም ጌጅ ሞክር። ከስሮትሉ በኋላ ያለ የአየር መግቢያ ማኒፎልድ ቀዳዳ ላይ እሰረው። በባሕር ጠለል ከፍታ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል፤ በየ300 ሜትር ከፍታው 1 ኢንች ገደማ ቀንስ። አሁን 2,500 ዙር ላይ ያዘው። መርፌው ዝቅ ብሎ ተመልሶ በሚኒሞ ከነበረበት እኩል ወይም ከፍ ብሎ ከቆመ መንገዱ ክፍት ነው። ዙሩን ሳትቀይር መርፌው ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ጭሱ መውጫ አጥቶ እየተጠራቀመ ነው።

በሌዘር ሙቀት መለኪያ ፊትና ኋላውን ለክተው የሚፈርዱ አሉ። ድሮ መውጫው ከመግቢያው ይሞቅ ነበርና ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ሞተሩ በደንብ ስለሚያቃጥል ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ የሚያብለጨልጭ ቱቦ ላይ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ይሳሳታል። ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይሁንህ።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ፣ ሁሉንም ሞከርኩ። የጭስ ማፈትለክ የለም። የኋለኛው ሴንሰር ስረግጥ 0.85፣ እግሬን ሳነሳ 0.05 ያሳያል። ግፊቱ በሚኒሞ 2፣ በ2,500 ዙር 5.5 ፒኤስአይ ነው። ቫኪዩሙ በሚኒሞ 18 ነበረ፣ በ2,500 ዙር ስይዘው በግማሽ ደቂቃ 12 ደረሰ። በላስቲክ መዶሻ ስመታው ይንኳኳል። ኮምፕሬሽኑ 12.5፣ 12፣ 12.5፣ 12 ባር ነው። ስለዚህ አዲስ ልግዛ?

መልስ 3

ካታሊስቱ አልቋል፣ በዚህ ክርክር የለም። አዲሱን ግን ገና አትሰር። ካታሊስት በራሱ ጊዜ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ገዳይ አለው፣ ገዳዩ ሞተሩ ላይ ካለ አዲሱንም ይገድለዋል።

ባንተ መኪና ላይ ሁለት አሉ። አንደኛው ሚስፋየሩ ነው። 2ኛው ሲሊንደር ሳያቃጥል የላከው ቤንዚንና አየር ካታሊስቱ ውስጥ ደርሶ እዚያ ነው የተቃጠለው። ብልጭ ድርግም የሚል ቼክ ኢንጅን ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ካታሊስቱ አሁን እየተቃጠለ ነውና ነዳጅ ቀንስ፣ ቁም ማለት ነው። ሴራሚኩ በተለመደው የሥራ ሙቀት ምንም አይሆንም፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሲገባበት ግን ሙቀቱ ሴራሚኩን እስከማቅለጥ ሊደርስ ይችላል፣ የቀለጠው ደግሞ ቀዳዳውን ይደፍናል። ኮይሉ ተቀይሯል፣ ጥሩ። አራቱም ካንዴላዎች ግን ተነቅለው ይታዩ፤ ኮይልን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ክፍተቱ የሰፋ ያረጀ ካንዴላ ነው። ከዚያ ስካነሩ ላይ የየሲሊንደሩን የሚስፋየር ቆጠራ በሚኒሞም በጉዞም ተመልከት።

ሁለተኛው ዘይቱ ነው። የሞተር ዘይት ፎስፈረስና ዚንክ ያለበት የመፋተግ መከላከያ አለው። ሲቃጠል አመዱ የካታሊስቱን ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም እንደ ብርጭቆ ይሸፍነዋል። ይህን ምንም ዓይነት ታንክ ውስጥ የሚጨመር «ማጽጃ» አያወጣውም፤ ማጽጃው ቢበዛ ጥላሸት ይቀንስ ይሆናል።

ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ስለሆነ የፒስተን ፋሻዎቹ (ቀለበቶቹ) ደህና ናቸው ብለህ አትዝናና። ኮምፕሬሽን የሚለካው የላይኞቹን ሁለት ፋሻዎች ነው፤ ዘይት የሚጠርገው ሦስተኛው በካርቦን ተጣብቆ እንኳ ንባቡ ያማረ ይሆናል። ስለዚህ ከርካሹ ጀምር፦ ፒሲቪ ቫልቩን (ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ጋዝ ወደ አየር መግቢያው የሚመልሰውን) ንቀልና ነቅንቀው፣ ካልተንቀጫቀጨ ተጣብቋል፣ ቀይረው። የአየር መግቢያ ቱቦው ውስጥ የዘይት ኩሬ ካለ ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ጭሱን እይ። ረጅም ጊዜ በሚኒሞ ቆይቶ ነዳጅ ሲሰጠው ሰማያዊ ጭስ ከተነፈሰ የቫልቭ ጎሚኒ ነው። በጉዞ ላይ በጭነት የሚያጨስ ከሆነ ፋሻ ነው። የራዲያተር ውኃም ይጎድል እንደሆነ ንገረን፤ በቴስታታ ጓርኒሲዮን በኩል የሚገባ ኩላንትም ካታሊስት ይመርዛል።

መልስ 4

ስለ ሦስተኛው መካኒክ ሐሳብ፦ ውስጡን ማውጣት ችግሩን አይፈታም። ፒ0420 ለዘላለም ይቀመጣል፣ ሽታው መኪናው ውስጥ ይገባል፣ በብዙ አገርም ሕገ ወጥ ነው። ሴንሰሩን ከጋዙ የሚያርቀው ማራዘሚያም መብራቱን ያጠፋ ይሆናል እንጂ የተዘጋውን አይከፍትም፤ 5.5 ፒኤስአይ እዚያው ይቆያል። ሴራሚኩን በዘንግ ሲሰብሩት የሚወጣው አቧራና የመያዣው ምንጣፍ ቃጫ ለሳምባ ክፉ ነው። ካታሊስቱ ከማኒፎልዱ ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነ ደግሞ የተረፈው ብናኝ በቫልቮቹ በኩል ተመልሶ ወደ ሲሊንደር ሊገባና ግድግዳውን ሊፍቅ ይችላል። አታድርገው።

መልስ 5

ሥራውን ራስህ የምትሠራው ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

ዕቃውን ስትመርጥ በመኪናው ስምና ዓመት ብቻ አትግዛ። የሻሲ ቁጥሩን፣ የሞተር ኮዱን እና ቦኔቱ ሥር የተለጠፈውን የልቀት ደረጃ አስተያይ። ለዩሮ 2 የተሠራ ካታሊስት ዩሮ 4 መኪና ላይ ቢገጥምም ኮምፒውተሩ አይቀበለውም፣ ፒ0420 በጥቂት ወር ይመለሳል። ርካሹ የሚረክሰው ክቡር ማዕድኑ ስለሚያንስ ነው። ያገለገለ ካታሊስት አልመክርም፤ ከውጭ አይቶ ምን ያህል እንደቀረው የሚያውቅ የለም። ጓርኒሲዮኖቹን፣ ብሎኖቹንና ሞላዎቹን አብረህ ግዛ፣ አሮጌዎቹ አይመለሱም።

ከመፍታትህ በፊት ባለው ማታ የብሎኖቹን ጥርስና የሴንሰሮቹን አንገት ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት ርጫቸው። በማግስቱ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፣ መኪናውን በክሪክ አንስተህ በቋሚ ድጋፍ ላይ አስቀምጥ። በክሪክ ብቻ ሥሩ አትግባ። ካታሊስቱ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ሰዓት እንደጋለ ይቆያል፣ ስለዚህ በእጅ የሚያዝ እስኪሆን ጠብቅ። ሴንሰሩ ብቻ ሞተሩ ለብ ሲል ይሻላል፤ ከቀዘቀዘ ጥርሱን ይዞ ይወጣል።

በቅድሚያ የሴንሰሩን ሶኬት ከሽቦው አላቅቅ፣ ከዚያ ጎኑ የተሰነጠቀውን የ22 ቁልፍ አግባ። ስትፈታ ሽቦው መጠማዘዝ የለበትም። ካልተንቀሳቀሰ ሩብ ዙር ወደፊት ሩብ ዙር ወደኋላ እያልክ ዘይት ጨምር። ከዚያ የኋለኛውን ፍላንጅ (በብሎን የሚታሰረውን መጋጠሚያ)፣ ቀጥሎ የፊተኛውን ፍታ። የኋለኛው ቱቦ በሽቦ ወይም በእንጨት ይደገፍ፤ ተጣጣፊው ቱቦ ላይ ከተንጠለጠለ ይቀደዳል። የላስቲክ ማንጠልጠያዎቹ በሳሙና ውኃ ይወጣሉ። ዳዶው በዝገት ከተበላ በጉልበት አትታገለው፤ ቆርጠህ ጣለው፣ ቀዳዳውን በሰርሳሪ ክፈተውና አዲስ ብሎንና ዳዶ አስገባ።

አሮጌውን ከመጣልህ በፊት በባትሪ መብራት ውስጡን እይ፣ ገዳዩን ይነግርሃል። የሚያብረቀርቅና የተደረመሰ ከሆነ ሚስፋየር ነው። ነጣ ያለ አመድ ከሸፈነው ዘይት ወይም ኩላንት። ጥቁር የለሰለሰ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቶ። ውጪው ተመትቶ ከሰረጎደና ውስጡ ከተሰበረ ድንጋይ ወይም ጉብታ።

ሲገጠም ቀስቱ ወደ ጭስ ማውጫው ጫፍ ይመልከት። ሁሉንም ብሎኖች በእጅ ብቻ አግባ፣ ቱቦው ወለሉንና አክስሉን እንደማይነካ እይ፣ ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ ተራ በተራ አጥብቅ። ለሴንሰሩ 40–45 ኒውተን ሜትር ይበቃል፤ የፍላንጁን ልክ ከመኪናው መመሪያ ውሰድ። አዲስ ሴንሰር ጥርሱ ላይ ቅባት ተቀብቶ ይመጣል። አሮጌውን ከመለስክ ኒኬል ያለበት የማያጣብቅ ቅባት ለጥርሱ ብቻ ቀባ፣ ጫፉን እንዳይነካ። ፍላንጅ ላይ ሲልከን አትቀባ፤ ትነቱ ሴንሰሩን ይመርዛል። በብየዳ የሚገጠም ከሆነ ሴንሰሮቹ ተነቅለው፣ የብየዳው መሬት ከሚበየደው አጠገብ ታስሮ፣ ካታሊስቱም አሮጌው በነበረበት ርቀት ላይ ይሁን። ወደ ኋላ ከሸሸ ቶሎ አይሞቅም።

ጠያቂው

ተፈታ። የፊተኛው ግማሽ ቀልጦ ተደርምሷል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ነጣ ያለ አመድ ነው። ፒሲቪ ቫልቩ ተጣብቆ ነበር፣ ተቀየረ። ካንዴላዎቹም ተቀየሩ፣ ሚስፋየር ቆጠራው በሁሉም ሲሊንደር 0 ነው። ውኃ አይጎድልም። አንድ ችግር፦ የኋለኛው ሴንሰር ሲወጣ ጥርሱን ይዞ ወጣ። በአዲሱ ካታሊስት ላይ ልመልሰው?

መልስ 5

የሴንሰሩ ጥርስ ከተጎዳ አትመልሰው፣ የአዲሱን ካታሊስት ጥርስ ያበላሻል። በጣም ትንሽ ከሆነ ብቻ ኤም18 በ1.5 የሆነ ጥርስ ማውጫ አሳልፍበት። 210,000 ለሄደ ሴንሰር ግን አዲስ ብትገዛ ይሻላል።

ከገጠምክ በኋላ በሚኒሞ 5 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በ2,500 ዙር 2 ደቂቃ ያህል አሙቀው፣ ከዚያ አቀዝቅዘው። ሴራሚኩን የሚይዘው ምንጣፍ በሙቀት አብጦ ነው ቦታውን የሚይዘው፤ ገና ሳያብጥ አጥብቆ መርገጥ ሴራሚኩን ያላቅቀዋል። ዕቃው ከራሱ መመሪያ ጋር ከመጣ እሱን ተከተል። መጀመሪያ የሚሸት ትንሽ ጭስ የፋብሪካ ዘይት ነው፣ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹን ደግመህ አጥብቅ።

መልስ 2

ግፊቱንም እንደገና ለካ፤ በ2,500 ዙር ከ3 በታች ካልወረደ የቀለጠው ቁራጭ ወደ ኋላ ተጉዞ ማርሚታው ውስጥ ተቀምጧል። ማርሚታውን ፍላንጁ ላይ ፍታና ግፊቱን ለካ፣ ልዩነቱ ይታይሃል።

መልስ 1

ኮዱን አጥፍተህ «ተስተካከለ» አትበል። ማጥፋት ሁሉንም የሬዲነስ ምርመራ (ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያደርገውን ፍተሻ) ወደ ዜሮ ይመልሳል፣ ኮዱም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለት ተከታታይ ጉዞ ላይ ጥፋቱ ሲደገም ነው። ከቅዝቃዜ አስነስተህ አሙቀው፣ ከዚያ በ60 እና በ90 ኪሎ ሜትር መካከል ፍጥነቱን ሳትለዋውጥ 15 ደቂቃ ንዳ። ስካነሩ «ካታሊስት፦ ተጠናቋል» እስኪል ይህንን ድገም። ስካነርህ ሞድ 6 የሚያሳይ ከሆነ የካታሊስቱን የፈተና ውጤትና ወሰኑን ጎን ለጎን ታያለህ፤ ቁጥሩን ዛሬ መዝግበውና ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ አወዳድረው። ወደ ወሰኑ እየተጠጋ ከሄደ ዘይቱ አሁንም እየተቃጠለ ነው። ዘይቱን በየ1,000 ኪሎ ሜትር በዘይት መለኪያ ዘንጉ ለካ። ፒሲቪው ከተቀየረም በኋላ እንደበፊቱ የሚጎድል ከሆነ ሦስተኛው ፋሻ ተጣብቋልና ሞተሩ እስኪሠራ መኪናውን ብዙ አትንዳው።